ሎርላቲኒብ ሲመዘን፦ የሚሰጠው፣ የሚያስከፍለውና ከመጀመሪያው ክኒን በፊት መደረግ ያለበት

ሎርላቲኒብ የፋይዘር ክኒን ነው፤ በአሜሪካ «ሎርብሬና»፣ በአውሮፓ «ሎርቪኳ» በሚል ስም ይሸጣል። ለሳንባ ካንሰር ሁሉ አይሆንም። የተፈቀደው «አልክ ፖዘቲቭ» ለሚባለው ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ፣ ትንሽ ሕዋስ ካልሆነው የሳንባ ካንሰር ከ100 ታማሚ ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይገኛል። የሚያጠቃውም ብዙ ጊዜ ሲጋራ ቀምሰው የማያውቁና ከሌላው የሳንባ ካንሰር ታማሚ በዕድሜ የሚያንሱ ሰዎችን ነው። ሲታወቅ አብዛኛውን ጊዜ ከሳንባ አልፏል፤ አንጎል ውስጥ መግባትም ይቀናዋል።

ፍርዱን ከወዲሁ እናስቀምጠው፦ ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። የጎደለችው አንዷ ካንሰሩን በመያዝ ጉልበቱ ምክንያት አልጎደለችም። በደም ቅባት፣ በጠባይና በማስታወስ ላይ በሚያደርሰው ጣጣ፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ባለው ጠብና በዋጋው ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው በአብዛኛው ይወጣቸዋል። ሦስተኛው ግን ብዙውን ሰው ከደጅ ይመልሳል።

ምን ያህል ይሠራል?

ካንሰሩን የሚነዳው አንድ ብልሽት ነው። በ2ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ ቁራጭ ይገለበጥና ሁለት ጂኖች ይጋጠማሉ፣ አንዱ «አልክ» የሚባለው ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ፕሮቲን ሕዋሱን «ተባዛ፣ ተባዛ» እያለ ያለ እረፍት ያዘዋል። የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳወቁ፤ በ2011 የመጀመሪያው ክኒን ክሪዞቲኒብ በአሜሪካ ተፈቀደ። ክሪዞቲኒብ ሳንባ ላይ ያለውን ያሟሽሻል፣ አንጎል ውስጥ ግን በወጉ አይገባም። ብዙ ታማሚም የሚሸነፈው በዚያ በኩል ነበር። ሎርላቲኒብ ሲቀመር ዋናው ሐሳብ ይህን ማረም ነው፦ መድኃኒትን ከአንጎል ደጃፍ እየገፋ የሚመልሰው ፓምፕ በቀላሉ እንዳይዘው ሞለኪዩሉ ትንሽና የቀለበት ቅርጽ ያለው ሆነ። በ2018 ሌሎች ክኒኖች ላልያዙላቸው ታማሚዎች፣ በ2021 ደግሞ ለመጀመሪያ ሕክምና ተፈቀደ።

«ክራውን» በተባለው ጥናት 149 ታማሚዎች ለሎርላቲኒብ፣ 147 ደግሞ ለክሪዞቲኒብ ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የ5 ዓመት ውጤት በሽታው ሳይገፋባቸው የቆዩት በአንደኛው ወገን 60 በመቶ፣ በሌላው 8 በመቶ ናቸው። አንጎል ለብቻው ሲታይ 92 በመቶ ለ21 በመቶ ነው። ሲጀምሩ አንጎላቸው ንጹሕ ከነበረ 114 የሎርላቲኒብ ታማሚዎች ውስጥ በኋላ አንጎል ላይ የወጣባቸው 4 ብቻ ናቸው፤ አራቱም በመጀመሪያዎቹ 16 ወራት ውስጥ። አምስት ዓመት ሲሞላ ግማሾቹ ክኒኑን ገና እየዋጡ ነበር። ለተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ለብቻው በሚሰጥ ክኒን እንዲህ ያለ ቁጥር ከዚህ በፊት አልታየም።

ቁጥሩን ሲያነቡ ግን ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። 60 በመቶው በሕይወት የመኖር መለኪያ አይደለም፤ በሽታው ሳይገፋ የመቆየት ነው። የዕድሜ ቆይታውን ለመናገር ጥናቱ በዚያ ጊዜ ገና አልበሰለም ነበር፤ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ገና ስላልሞቱ ማለት ነው፣ ይህም በራሱ መጥፎ ዜና አይደለም። ሁለተኛ፣ ሎርላቲኒብ የተወዳደረው ከአሮጌው ክሪዞቲኒብ ጋር እንጂ ከብርቱው ተፎካካሪው ከአሌክቲኒብ ጋር አልነበረም። ሁለቱን ፊት ለፊት ያጋጠመ ትልቅ ጥናት ሳይኖር «ይኸኛው ያንን ረትቷል» ማለት አይቻልም።

አሌክቲኒብ ወይስ ሎርላቲኒብ?

አሌክቲኒብ በራሱ ጥናት በሽታውን በአማካይ 34.8 ወር ይዞታል። የዕድሜ ቆይታውም የመጨረሻ ቁጥር ወጥቶለታል፦ መካከለኛው 81.1 ወር ነው፣ ወደ 7 ዓመት የሚጠጋ፤ በክሪዞቲኒብ 54.2። አእምሮንና የደም ቅባትን እንደ ሎርላቲኒብ አያውክም። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች «በአሌክቲኒብ እንጀምር፣ ሎርላቲኒብን እናቆየው» ይላሉ።

ክርክሩ የሚያነክሰው «እናቆየው» የሚለው ላይ ነው። ከአሌክቲኒብ ዓይነት ክኒን በኋላ ሎርላቲኒብ ሲሰጥ ከ10 ታማሚ ለ4ቱ ገደማ ዕጢው ይቀንሳል፣ የሚቆየውም በአማካይ 6 ወር ገደማ ነው። አምስት ዓመት የያዘው ጉልበት በሁለተኛ ተራ አይደገምም፤ ለቤት መሠረት የሚሆን ድንጋይ ለጣሪያ አይሆንም እንደማለት ነው። ደግሞም በመሐሉ በሽታው አንጎል ውስጥ ከገባ ለሁለተኛው ክኒን የማይደርስ አለ። የእኛ ሚዛን እንዲህ ነው፦ ሲጀመር አንጎል ላይ ያለበት ወይም ቲፒ53 የተባለ ተጨማሪ የጂን ለውጥ የተገኘበት ሰው በሎርላቲኒብ ቢጀምር እንመርጣለን። ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ መላ አንጎሉ በጨረር የታከመ፣ ወይም ለብቻው የሚኖርና ለውጡን የሚታዘብለት ሰው የሌለው ታማሚ ደግሞ በአሌክቲኒብ ቢጀምር ይሻላል። ካንሰሩ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ እንዳይመለስ ለ2 ዓመት እንዲሰጥ የተፈቀደው ግን አሌክቲኒብ ነው፤ ሎርላቲኒብን ለዚያ አትጠይቁ።

ክኒኑ ያለ ምርመራ ከንቱ ነው

አልክ በሲቲ ስካን አይታይም። ከዕጢው ናሙና ተወስዶ፣ በፎርማሊን ቆይቶ፣ በሰም ብሎክ ታሽጎ ነው የሚመረመረው። ናሙናው በ10 በመቶ የተመጠነ ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ለሳምንት የተዘነጋ ናሙና ጂኑ ይበጣጠሳል፤ ከዚያ «አልተገኘም» የሚለው መልስ «የለም» ማለት አይሆንም። ሳንባን መውጋት አደገኛ ከሆነ በደረት ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይቀዳል፤ ተጣርቶ ብሎክ ከተሠራለት ለምርመራው ይበቃል። መርማሪዎች በሦስት መንገድ ይፈልጉታል፦ በቀለም፣ ፊሽ በሚባለው ዘዴና በጂን ንባብ። በደም የሚደረገው ምርመራ «አለ» ካለ ይታመናል፣ «የለም» ካለ ግን በዕጢ ናሙና ማረጋገጥ ግድ ነው።

 ወደ ሌላ አገር ለምርመራ ሲላክ ከፓቶሎጂ ክፍሉ ብሎኩን ራሱን ወይም ቀለም ያልነካቸውን ስላይዶች በፊርማ ተረክቦ መውሰድ ያስፈልጋል፤ የተጻፈውን ውጤት ብቻ ይዞ የሄደ ሰው እንደገና ይወጋል። ውጤቱ ሳይደርስ በሽታን የመከላከል አቅምን በሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች መጀመርም ስሕተት ነው፤ በአልክ ፖዘቲቭ ላይ እምብዛም አይሠሩም።

የቲቢ መድኃኒት ጉዳይ

ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት ይህ ነው። ቲቢ በበዛበት አገር ሳል፣ መክሳትና በኤክስሬይ የታየ ጥላ መጀመሪያ የሚያስጠረጥሩት ቲቢን ነው። የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ መቆየቱ የተለመደ ነው። በዚያ የስድስት ወር ሕክምና ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለው ሪፋምፒሲን ደግሞ ከሎርላቲኒብ ጋር ፈጽሞ አይሰጥም። ሪፋምፒሲን ሲወስዱ በቆዩ 12 ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ላይ አንድ ሎርላቲኒብ ክኒን ብቻ ተጨምሮ 10ሩ በ3 ቀን ውስጥ ብርቱ የጉበት ጉዳት ደርሶባቸዋል። ጉበታቸው ወደ ቦታው የተመለሰው ከ7 እስከ 34 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የካንሰር ሐኪሙ ባይጠይቅም «የቲቢ መድኃኒት ላይ ነበርኩ» ማለት የታማሚው ፋንታ ነው። ሁለቱ ሕክምናዎች እንዴት እንደሚለያዩና በመሐል ስንት ቀን እንደሚተው ሐኪሞቹ ይወስናሉ፤ የቲቢውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሌላ መዘዝ አለው።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒንም በዚሁ መዝገብ ናቸው። አንጎሉ ላይ ካንሰር ያለበት ሰው የሚጥል ነገር ስለሚያጋጥመው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፤ በምትካቸው ሌቬቲራሲታም ይሰጣል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ ኤፋቪረንዝ እንዳለበት ያሳይ፤ የሎርላቲኒብን ኃይል ያዳክማል። በተቃራኒው ክላሪትሮማይሲን፣ ኬቶኮናዞልና ፍሉኮናዞል ክኒኑን በደም ውስጥ ያጠራቅሙታል፤ ግድ ካልሆነ አይሰጡም፣ ግድ ከሆነም ሎርላቲኒብ ወደ 75 ሚሊግራም ይወርዳል። ግሬፕፍሩትም እንዲሁ ስለሆነ ይቅር።

የደም ቅባት

ከ10 ታማሚ በ7ቱ ኮሌስትሮል ይወጣል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ቅባትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ይህ የሚሆነው ቅቤ ስለተበላ አይደለም፤ በሽሮ የሚኖረው ጿሚም ይወጣበታል። ስለዚህ «ምግቤን አስተካክላለሁ» ብሎ የቅባት መድኃኒቱን ማዘግየት አያዋጣም። ምርመራው ከመጀመር በፊት፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከ2 ወር በኋላ፣ ከዚያም በየጊዜው ይደረጋል። ትራይግሊሰራይድ በትክክል እንዲለካ ሌሊቱን ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ሳይበሉ ቆይተው ነው ጠዋት ደም የሚሰጠው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት የስታቲን፣ ማለትም ኮሌስትሮል የሚያወርደው መድኃኒት፣ ምርጫ ላይ ነው። በየፋርማሲው የሚገኙት አቶርቫስታቲንና ሲምቫስታቲን ጉበት ውስጥ የሚፈጩበትን መንገድ ሎርላቲኒብ ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ተውጠው ኃይል ያጣሉ። የሚመረጡት ሮሱቫስታቲን፣ ፕራቫስታቲን ወይም ፒታቫስታቲን ናቸው። ብዙ ሐኪሞች ሮሱቫስታቲንን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያዛሉ፣ እኛም ይህን እንደግፋለን። ትራይግሊሰራይድ አልወርድ ካለ ፌኖፋይብሬት ይጨመራል፤ ጌምፊብሮዚል ግን ከስታቲን ጋር ጡንቻ ስለሚያፈርስ ይራቅ። ኮሌስትሮል ከ500 ወይም ትራይግሊሰራይድ ከ1,000 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ሎርላቲኒብ እስኪወርድ ይቆማል፤ ከ1,000 ያለፈ ትራይግሊሰራይድ ቆሽትን ያቃጥላል። ጠላ፣ ጠጅ፣ ለስላሳ መጠጥና ስኳር ትራይግሊሰራይድን በቀጥታ ስለሚያወጡ በምግብ በኩል መቆጠብ የሚያዋጣው እዚያ ላይ ነው።

ጭንቅላት፣ ጠባይና እንቅልፍ

መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ መግባቱ ዋጋውም በረከቱም ነው። በጥናቱ ከ10 ታማሚ 4ቱ ገደማ ከአእምሮ ጋር የተያያዘ ነገር አጋጥሟቸዋል፣ አብዛኛው ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ብቅ ይላል። መልኩ ይለያያል፦ የሚያውቁት ሰው ስም አፍ ላይ ደርሶ መጥፋት፣ ንግግር መንቀርፈፍ፣ ሰላማዊው ሰው በትንሽ ነገር መቆጣት ወይም ማልቀስ፣ ግልጽ ቅዠት፣ አልፎ አልፎም የሌለ ድምፅ መስማት ወይም የሌለ ነገር ማየት።

ታማሚው ራሱ አያስተውለውም፤ የሚያየው የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ ወይም አብሮ የሚኖር ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ ይነገረውና ከመሐሉ አንድ ሰው በየሳምንቱ እንቅልፉን፣ ቁጣውንና መርሳቱን በደብተር ይያዝ። ሳይነገረው የቀረ ቤተሰብ ጠባይ መለወጡን ከመንፈስ ይቆጥረውና ወደ ጠበል ይሄዳል። ጠበሉን የሚከለክል የለም። ግን ነገሩ ከክኒኑ መሆኑን ሐኪም እስኪነግሩት ድረስ መጠኑ ሳይቀነስ ሳምንታት ይነጉዳሉ፣ ወይም ሌላኛው ጫፍ ይመጣና ክኒኑ ከነጭራሹ ይጣላል። ሁለቱም አያስፈልጉም። ክኒኑ ለጥቂት ቀናት ሲቆም አብዛኛው ነገር ይመለሳል፣ ከዚያ በ75 ሚሊግራም ይቀጥላል፤ ካልሆነ በ50። ከ50 በታች የለም።

መጠን መቀነስ ሽንፈት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በክራውን ጥናት በመጀመሪያዎቹ 16 ሳምንታት መጠናቸው የተቀነሰላቸው ታማሚዎች ካንሰሩን በመያዝ ካልተቀነሰላቸው አላነሱም። 100 ሚሊግራሙን በግድ ተቋቁሞ ቤቱን ካመሰ በኋላ ክኒኑን ከሚያቆም ሰው ይልቅ በ75 ለዓመታት የሚቆየው ያተርፋል።

የቀረው

እግር ያብጣል፤ ጨው መቀነስ፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛትና ጠበቅ ያለ ካልሲ ይረዳሉ። ክብደት ይጨምራል፣ ረሃቡ እውነተኛ ነው። እጅና እግር ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት እጅ እየደነዘዘ የሚያስነሳም አለ። የደም ግፊት ስለሚያወጣ ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ግፊቱን ይዞ ነው የሚጀምረው፤ ከ2 ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በየወሩ ይለካ። ጫት ግፊትና የልብ ምት ስለሚያፋጥን በዚህ ክኒን ላይ አይጨመርም። የልብ ኤሌክትሪክ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ኢሲጂ ከመጀመር በፊትና በየጊዜው ይነሳል፤ ራስን መሳት ከተሰማ ድንገተኛ ክፍል ነው። አዲስ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ቢመጣም «ካንሰሩ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ክኒኑ ራሱ ሳንባን ሊያስቆጣ ይችላል።

የወሊድ መከላከያን በተመለከተ ሎርላቲኒብ ሆርሞን ያላቸውን ክኒኖች፣ መርፌዎችና በክንድ የሚቀበሩትን ውጤት ሊያሳጣ ይችላል። ሴቶች ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይም ኮንዶም፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለ6 ወር፤ ወንዶች ለ3 ወር ይጠቀማሉ። ጡት ማጥባት የለም።

አወሳሰዱና ጾሙ

በቀን አንዴ 100 ሚሊግራም፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሙሉውን መዋጥ። አይሰበርም፣ አይፈጭም፤ የተሰነጠቀ ክኒን ይጣል። ቢረሳ ቀጣዩ ሊደርስ ከ4 ሰዓት በላይ ከቀረው ይወሰዳል፣ ካልሆነ ይዘለላል። ተውጦ ቢያስታውክ አይደገምም።

ከምግብ ጋርም ሆነ በባዶ ሆድ ይወሰዳል። ለጿሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሌክቲኒብ በቀን 8 ካፕሱል ነው፤ ጠዋት 4፣ ማታ 4፣ ሁለቱም ከምግብ ጋር፣ ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋቱን መሥዋዕት ያደርጋል። የሎርላቲኒብ ታማሚ ግን ዐቢይ ጾምን በማታ ሰዓት፣ ረመዳንን በማፍጠሪያ ወይም በሱሁር ሰዓት ያለ ችግር ያልፈዋል።

መሥራት ሲያቆም

አንድ ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ አንጎል ውስጥ አንዲት ነጥብ ካደገች በተመጠነ ጨረር ትመታና ክኒኑ ይቀጥላል። በብዙ ቦታ ከገፋ እንደገና ናሙና ይወሰዳል፣ ምክንያቱም ካንሰሩ በሌላ ጂን በኩል መንገድ ቀይሶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የተለመደው ፔሜትሬክስድ ከካርቦፕላቲን ወይም ከሲስፕላቲን ጋር ነው፤ በአልክ ፖዘቲቭ ላይ ፔሜትሬክስድ ከሌላው ኬሞ የተሻለ ስም አለው። ወደ አሌክቲኒብ መመለስ ብዙ ጊዜ አያስገኝም።

ዋጋና ማረጋገጫ

በአሜሪካ የዝርዝር ዋጋው ለ30 ቀን ከ15 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው ኢንሹራንስ) ላላቸው እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከኪስ የሚወጣው የመድኃኒት ክፍያ ዓመታዊ ገደብ አለው፤ በ2025 ገደቡ 2,000 ዶላር ነበር፣ ገደቡም በየዓመቱ ትንሽ ይስተካከላል፤ የግል ኢንሹራንስ ያላቸው በኩባንያው የታማሚ መርጃ በኩል የጋራ ክፍያቸውን ማስቀነስ ይችላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ከውጭ ሰው በሻንጣ ለማስመጣት ሲያስብ የሐኪም ማዘዣና የምርመራ ውጤት አብሮ ይያዝ፤ አንድ ወር አስመጥቶ ሁለት ወር ባዶ መሆን ደግሞ ካንሰሩን ማስለመድ ነው፣ ቢያንስ የሦስት ወር መንገድ ሳይታይ አይጀመር።

በእስያ የሚሠሩ ርካሽ ቅጂዎች አሉ፣ በኢንተርኔት ከሚሸጡት ውስጥ ግን ባዶ ዱቄትም አይጠፋም። የፋይዘሩ 100 ሚሊግራም ሞላላ ነው፣ ጠቆር ያለ ሮዝ፣ በአንድ ፊቱ የኩባንያው ስም፣ በሌላው «ኤልኤልኤን 100» በላቲን ፊደል ተቀርጾበታል። 25 ሚሊግራሙ ክብና ፈካ ያለ ሮዝ ነው፤ መጠን ሲቀነስ 75 የሚሞላው በሦስቱ ነው፣ ስለዚህ ማዘዣው ላይ የክኒኑ ብዛትም ይጻፍ። ቅጂ የገዛ ሰውን የሚረዳ አንድ ፍንጭ አለ፦ ስታቲን ሳይወስድ ኮሌስትሮሉ በሁለት ወር ውስጥ ንቅንቅ ካላለ የሚዋጠውን ነገር መጠርጠር ይገባል፤ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ ከ10 ሰው በ3ቱ በእውነተኛውም ክኒን ላይወጣ ይችላል።